ከመጠጥ መታቀብ ወደ ምርጫ ሣጥን፦ ኬት ሼፐርድና የኒው ዚላንድ ሴቶች የድምፅ መብት

ራሳቸውን ከሚያስተዳድሩ የዓለም አገሮች መካከል ለአዋቂ ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብትን በሕግ በማጽናት ኒው ዚላንድ ቀዳሚዋ ናት። ሕጉ የጸደቀው ሴፕቴምበር 19 ቀን 1893 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በወቅቱ የመንግሥቱ ሚኒስትር የነበረው ዊልያም ፔምበር ሪቭስ በ1902 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የአገሩ ሴቶች አንድ ማለዳ ከእንቅልፋቸው ሲነቁ መብቱን ተሰጥቷቸው እንዳገኙት አድርጎ ጽፏል። ይህ አስተያየት ከአንድ ባለሥልጣን ብዕር የወጣ ቀልድ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የድምፅ መብቱ የትግል ውጤት ሳይሆን የለጋስ ፖለቲከኞች ስጦታ ነው ለሚለው ትርጓሜ መሠረት ሆኖ ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። ትርጓሜውን በሰነድ የሞገተው የፓትሪሺያ ግሪምሾ ጥናት የታተመው በ1972 ነው።

በሁለቱ ትርጓሜዎች መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። መብቱ ስጦታ ከሆነ ተመራማሪው ሊያገላብጠው የሚገባው የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ ነው። በሥራ የተገኘ ከሆነ ግን ጥናቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን አዳራሾች፣ ወደ መኖሪያ ቤቶች፣ ወደ ማተሚያ ቤቶችና ደጃፍ ለደጃፍ ወደ ዞሩ ፊርማ አሰባሳቢዎች ሊዞር ግድ ይሆናል። የኬት ሼፐርድ የሕይወት ታሪክ ወደ ሁለተኛው አቅጣጫ ያመለክታል። ነገር ግን መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም። ሴቶቹን ያደራጀው የመጠጥ መታቀብ ንቅናቄ ኃይለኛውን ጠላታቸውንም ያስነሣባቸው እርሱ ራሱ ነበርና። የሼፐርድ ብልሃት ድርጅቱን እንደያዘች ክርክሩን ከመጠጥ ጉዳይ ቀስ በቀስ በማላቀቋ ላይ ነው።

ስለ ንቅናቄው ስያሜ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ንቅናቄው በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ቃል በመነሻው የሚያመለክተው መመጠንን፣ ልክን ማወቅን ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት የተቋቋሙት ማኅበራት ብዙዎቹ ከኃይለኛ መጠጥ ብቻ መራቅን ይመክሩ ነበር። እያደር ግን ትርጉሙ ከአልኮል ፈጽሞ ወደ መታቀብ፣ ከዚያም የመጠጥ ንግድን በሕግ ወደ መከልከል ተሸጋገረ። መመጠን የግለሰብ ምግባር ነው፤ ክልከላ ግን ሕግ ይሻል፣ ሕግ ደግሞ ሕግ አውጪን የሚመርጥ ድምፅ ይሻል። ሴቶቹን ወደ ምርጫ ጥያቄ የገፋቸው ይኸው የትርጉም ጉዞ ነው ማለት ይቻላል።

ከሊቨርፑል ወደ ክራይስትቸርች

ኬት ሼፐርድ የተወለደችው በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ከስኮትላንዳውያን ወላጆች ሲሆን፣ የተወለደችበት ዓመት በአብዛኛው 1848 ተብሎ ይመዘገባል። የልደት ስሟ ካትሪን ዊልሰን ማልኮም ነበር። አባቷ በ1862 ሲሞት፣ በሰሜን ስኮትላንድ በኔርን ከተማ የነጻዪቱ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ከነበረው አጎቷ ዘንድ ጥቂት ጊዜ ኖራለች። ሃይማኖታዊ እውቀቷና ለማኅበራዊ ኃላፊነት የነበራት ትኩረት በብዛት ከዚያ ቤት እንደተቀዳ ይነገራል። ባሏ የሞተባት እናት ልጆቿን ይዛ በ1860ዎቹ መጨረሻ ወደ ኒው ዚላንድ ተሰደደች፤ መኖሪያቸውም ክራይስትቸርች ሆነ። ካትሪን በ1871 ዋልተር አለን ሼፐርድ የተባለ ነጋዴ አገባች፤ በ1880 ዳግላስ የተባለው አንድ ልጃቸው ተወለደ። እስከዚህ ድረስ ከብዙ መካከለኛ ገቢ ካላቸው ሰፋሪ ሴቶች ሕይወት የሚለያት እምብዛም አልነበረም፤ በቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፣ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ታሰባስባለች።

ለውጡ የመጣው በ1885 ነው። በአሜሪካ በ1874 የተቋቋመውና ከ1879 ጀምሮ በፍራንሲስ ዊላርድ የተመራው የሴቶች ክርስቲያናዊ የመታቀብ ማኅበር፣ ሜሪ ሌቪት የተባለችውን መልእክተኛ ዓለምን ዞራ ቅርንጫፎች እንድታቋቁም ልኳት ነበር። ሌቪት በኒው ዚላንድ ባደረገችው ጉዞ በየከተማው ንግግር አደረገች፣ ቅርንጫፎችንም ተከለች። ሼፐርድ ከማኅበሩ መሥራች አባላት አንዷ ሆነች። ማኅበሩ በባሕርዩ ከተለመዱት የሴቶች የበጎ አድራጎት ስብስቦች የተለየ ነበር። ሴቶች ራሳቸው ይመሩታል፣ ገንዘቡን ራሳቸው ይይዛሉ፣ ለእያንዳንዱ ዘርፍ ኃላፊ ይሾማሉ፣ ዓመታዊ ጉባኤ ይጠራሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይጽፋሉ። በምክር ቤት ወንበር ላልነበራቸው ሰዎች ይህ ሁሉ የምክር ቤት ልምምድ ነበር።

ማኅበሩ በመጀመሪያ ከተነሣባቸው ጉዳዮች መካከል ሴቶች በመጠጥ ቤት ቀጂነት መቀጠራቸውና ለሕፃናት መጠጥ መሸጡ ይገኙበታል። ሁለቱም እንዲከለከሉ ለምክር ቤቱ አቤቱታ ቀረበ፤ ምክር ቤቱ ግን ቁብ አልሰጠውም። ከአቤቱታው ይልቅ ትምህርት የሆነው ውድቀቱ ነው። የአመልካቾቹ ቁጥር የቱንም ያህል ቢበዛ፣ አንዲቱም የምክር ቤት አባሉን በሚቀጥለው ምርጫ ልትቀጣው አትችልም። ሼፐርድ በ1887 የማኅበሩ የምርጫ መብትና የሕግ ጉዳዮች ዘርፍ አገር አቀፍ ኃላፊ ሆና ስትሾም ይህን ድምዳሜ ይዛ ነው ሥራ የጀመረችው። ከዚያ በኋላ ድምፁ ራሱ ዋና ጉዳይ ሆነ፤ የመጠጡ ሕግ ከድምፁ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ሆኖ ተቀመጠ።

የክርክሩ አቅጣጫ መለወጥ

በ1888 ሼፐርድ የኒው ዚላንድ ሴቶች ለምን ድምፅ ሊሰጡ እንደሚገባ ዐሥር ምክንያቶችን የሚዘረዝር አነስተኛ በራሪ ጽሑፍ አዘጋጀች፤ ለተወካዮች ምክር ቤት አባላት ሁሉ ተላከ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ትኩረት የሚስበው የምክንያቶቹ ቅደም ተከተል ነው። የመጀመሪያው ስለ መጠጥ አያነሣም። አገሪቱ አስቀድማ የተቀበለችውን መርሕ፣ ማለትም እያንዳንዱ አዋቂ ሰው በሚገዛበት ሕግ አወጣጥ ላይ ድምፅ ሊኖረው ይገባል የሚለውን፣ ወደ ሴቶች ይዘረጋዋል። ለኒው ዚላንድ ወንዶች ሁሉ ያለ ንብረት መስፈርት የመምረጥ መብት የተሰጠው በ1879 ስለነበር ክርክሩ ምክር ቤቱን በገዛ ቃሉ የሚይዝ ነበር። በቀሪዎቹ ምክንያቶች ግን ሴቶች ለመጪው ትውልድ ደኅንነት የበለጠ እንደሚጨነቁ፣ መገኘታቸውም ምርጫውን እንደሚያጠራው የሚገልጹ ሐሳቦች ይገኛሉ።

ሁለቱ ዓይነት ሙግቶች አብረው የሚሄዱ አይመስሉም። አንደኛው ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል ስለሆኑ ይምረጡ ይላል፤ ሌላው ከወንዶች ስለሚለዩ ይምረጡ ይላል። አንዳንድ የዘመናችን ተቺዎች በዚህ ምክንያት የሼፐርድን አስተሳሰብ ወላዋይ ያደርጉታል። ፍርዱ የተቻኮለ ይመስላል። በራሪው ጽሑፍ የተጻፈው ለፈላስፎች አይደለም፤ ከመቶ ያነሱ፣ በአመለካከት የተከፋፈሉ የምክር ቤት አባላትን ለማሳመን ነው። ለዘብተኛው ተራማጅ የመጀመሪያው ምክንያት ይበቃዋል፤ ወግ አጥባቂው ደግሞ ቤተሰብንና ሥርዓትን በሚያነሣው ሊረታ ይችላል። በእርግጥም በምክር ቤቱ የሴቶቹ ዋና ጠበቃ የነበረው የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሆል ወግ አጥባቂ ነበር።

ከ1891 ጀምሮ ሼፐርድ የመታቀብ ንቅናቄው ጋዜጣ በነበረው ፕሮሂቢሽኒስት ላይ ፔኔሎፒ በሚል የብዕር ስም የሴቶችን ዐምድ ታዘጋጅ ነበር። ዐምዱ ዜና ያቀርባል፣ ለተቃዋሚዎች መልስ ይሰጣል፣ ከሁሉም በላይ ግን በየከተማው ተበታትነው የሚሠሩት ሴቶች ሌሎቹ ምን እንደሚሠሩ እንዲያውቁ ያደርጋል። በዚያ ዘመን በየብስና በባሕር በተራራቁ ሰፈራዎች መካከል እንዲህ ያለ ትስስር መፍጠር ራሱን የቻለ ሥራ ነበር።

የመጠጥ ነጋዴዎቹም አልተኙም። ሴቶች ድምፅ ካገኙ የመጠጥ ቤት ፈቃድ ያበቃለታል ብለው ስለሠጉ፣ የድምፅ መብቱን የመቃወሙን ዘመቻ በገንዘብና በሰው ይደግፉ ጀመር። ሄንሪ ፊሽ የተባለው የዱኔዲን የምክር ቤት አባል ፊርማ አሰባሳቢዎችን ቀጥሮ ተቃዋሚ አቤቱታ በመጠጥ ቤቶች አዞረ። ከፊርማዎቹ መካከል ሐሰተኛ የሆኑና በማታለል የተወሰዱ መኖራቸው ሲጋለጥ ግን ዘመቻው በራሱ ላይ ተመለሰበት።

የመጠጥ ጉዳይ ከሌላ አቅጣጫም እንቅፋት ነበር። ድምፅ ይፈልጉ የነበሩ ነገር ግን ፈጽሞ ስለ መታቀብ ቃል መግባት ያልፈቀዱ ወይም ማኅበሩን ከልክ በላይ ሃይማኖተኛ አድርገው ያዩ ብዙ ሴቶች ነበሩ። በተለይ በፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶች ጥያቄያቸው የደመወዝና የሥራ ሰዓት ነበር። በ1892 በዱኔዲን ከመታቀብ ማኅበሩ የተለየ የሴቶች የምርጫ መብት ማኅበር ተቋቋመ፤ ከመሥራቾቹ አንዷ የልብስ ሰፊ ሴቶችን የሠራተኛ ማኅበር የምትመራው ሃሪየት ሞሪሰን ነበረች። ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። የመታቀብ ማኅበሩ መሪዎች ይህን እንደ መከፋፈል ቢያዩት ባልተፈረደባቸው ነበር፤ ሆኖም ከአዲሶቹ ማኅበራት ጋር አብረው ሠሩ። ጥያቄው ከአንድ ማኅበር ባለቤትነት ሲወጣ ኃይሉ የጨመረው በዚህ ምክንያት ነው።

የፊርማው ጥቅል

ሼፐርድ ከሁሉም በላይ የምትታወቅበት መሣሪያ አቤቱታ ነው። በ1891 ከ9,000 በላይ፣ በ1892 ወደ 20,000 የሚጠጉ፣ በ1893 ደግሞ ወደ 32,000 የሚጠጉ ፊርማዎች ተሰበሰቡ። የመጨረሻው ቁጥር ከአገሪቱ አዋቂ አውሮፓውያን ሴቶች ሩብ የሚሆኑትን ይወክል ነበር። ቁጥሩ በየዓመቱ ማደጉ አጋጣሚ አይደለም። አንድ አቤቱታ ሲወድቅ የአሰባሳቢዎቹ መረብ አልፈረሰም፤ የወደቀው አቤቱታ ለሚቀጥለው የአድራሻ መዝገብ ሆኖ ያገለግል ነበር።

የ1893ቱ ዋና አቤቱታ ቅጾች ከየአካባቢው ወደ ክራይስትቸርች ተላኩ። ሼፐርድ በቤቷ ወረቀቶቹን ጫፍ ለጫፍ እያጣበቀች 546 ቅጠሎችን አንድ ረጅም ጥቅል አደረገቻቸው፤ መሐሉ ላይም የመጥረጊያ እንጨት ገባበት። ርዝመቱ 270 ሜትር ገደማ ነበር። ጆን ሆል በነሐሴ ወር ጥቅሉን ወደ ተወካዮች ምክር ቤት አምጥቶ በመካከለኛው መተላለፊያ ዘረጋው፤ ጥቅሉ እየተተረተረ ሄዶ እንጨቱ ከዳር ያለው ግድግዳ ላይ ተጋጨ። የምክር ቤት ጸሐፊ በተርታ ቁጥር መዝግቦ ወደ መዝገብ ቤት ሊያወርደው የሚችለው አቤቱታ በዚህ ሁኔታ በዓይን የሚታይና በእግር የሚሰናከሉበት ነገር ሆነ።

ፊርማ ብቻውን ሕግ አያወጣም። በ1891 የቀረበው ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ፣ ላዕላይ ምክር ቤቱ ውስጥ በሁለት ድምፅ ልዩነት ወድቆ ነበር፤ የ1892ቱም በሁለቱ ምክር ቤቶች አለመስማማት ተሰናከለ። የሊበራል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ጆን ባላንስ መርሑን ይደግፍ ነበር፤ ሆኖም ሴቶቹ ለወግ አጥባቂዎች ድምፅ ይሰጣሉ የሚል ሥጋት ነበረው። በኤፕሪል 1893 ባላንስ ሲሞት የተተካው ሪቻርድ ሴደን ነው። ሴደን ወደ ፖለቲካ ከመግባቱ በፊት በወርቅ ቁፋሮ አካባቢ መጠጥ ቤት የነበረው፣ የመጠጥ ነጋዴዎችም ወዳጅ ነበር። ረቂቁ በላዕላይ ምክር ቤት እንደሚወድቅ ቢጠብቅም፣ ማለፉ የማይቀር ሲመስለው አንድ የፓርቲው አባል ድምፁን እንዲለውጥ ግፊት አደረገ። ጣልቃ ገብነቱ ሁለት ተቃዋሚ አባላትን ስላስቆጣቸው፣ ረቂቁን ይቃወሙ የነበሩት እነዚህ ሰዎች ሴደንን ለመቅጣት ሲሉ ደገፉት። ሴፕቴምበር 8 ቀን ረቂቁ በ20 ለ18 ድምፅ አለፈ።

ሪቭስን የመሰሉ ጸሐፊዎች ይህን ክፍል ይዘው መብቱ የፖለቲካ አደጋ ውጤት ነው ሊሉ ይችላሉ። ሁለቱ ድምፆች በቁጣ እንደመጡ አይካድም። ጥያቄው ግን ለምን ሁለት ድምፅ ብቻ ቀረ የሚለው ነው። ሌሎቹ አሥራ ስምንቱ ከየትም አልመጡም፤ ከሦስት ዓመታት ተከታታይ አቤቱታዎች፣ ለእያንዳንዱ አባል ከተላኩ ደብዳቤዎችና ቴሌግራሞች፣ በየአካባቢው ከተደረጉ ስብሰባዎች በኋላ የተገኙ ናቸው። ሴቶቹ ደጋፊዎቻቸውን ነጭ የካሜሊያ አበባ በመስጠት ለይተዋቸው ነበር፤ ተቃዋሚዎች ደግሞ ቀይ ካሜሊያ አደረጉ።

ከስጦታ ትርጓሜ ጋር ጨርሶ የማይገጥመው ማስረጃ ግን ከሕጉ መጽደቅ በኋላ ያለው ነው። ምርጫው ኖቬምበር 28 ቀን ነበር፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ ዐሥር ሳምንት ብቻ። በዚህ አጭር ጊዜ 109,461 ሴቶች ተመዘገቡ፤ 90,290 የሚሆኑት ድምፅ ሰጡ። ሳይጠይቁ የተሰጣቸውን የተቀበሉ ሰዎች እንዲህ አይሰለፉም። ፊርማ ያሰባሰበው መረብ ያለ ዕረፍት ወደ መራጭ መመዝገቢያነት ተለውጦ ነበርና።

ሕጉ የማኦሪ ሴቶችንም ያካተተ ነበር፤ የእነርሱ ጉዞ ግን በሼፐርድ ታሪክ ብቻ አይሸፈንም። በዚያው በ1893 ሜሪ ቴ ታይ ማንጋካሂያ በማኦሪዎች የአንድነት ምክር ቤት ፊት ቀርባ ሴቶች እንዲመርጡ ብቻ ሳይሆን በምክር ቤቱ እንዲቀመጡም ጠየቀች። ሙግቷ በመጠጥ ላይ የቆመ አልነበረም። ብዙ የማኦሪ ሴቶች የመሬት ባለቤቶች ስለሆኑ ስለ መሬታቸው የሚወስነው ሸንጎ ውስጥ ሊኖሩ ይገባል የሚል ነበር። በጥያቄዋ ስፋት ከሼፐርድ ማኅበር ትቀድማለች፤ የ1893ቱ ሕግ ለሴቶች የመመረጥ መብት አልሰጠምና።

ከ1893 በኋላ

ሼፐርድ ሥራዋን በምርጫው አላበቃችም። በ1895 የመታቀብ ማኅበሩ ኋይት ሪበን የተባለ ጋዜጣውን ሲጀምር የመጀመሪያዋ አዘጋጅ ሆነች፤ በ1896 ደግሞ አዲስ የተቋቋመው ብሔራዊ የሴቶች ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ተደረገች። በዚህ ጊዜ የምታነሣቸው ጉዳዮች ከመጠጥ ርቀው ሄደዋል፦ በትዳር ውስጥ እኩልነት፣ ያገቡ ሴቶች የኢኮኖሚ ነጻነት፣ ሴቶች ለምክር ቤት የመመረጥ መብት። በፍቺ ሕግ ለባልና ለሚስት እኩል ምክንያት የደነገገው አዋጅ በ1898 ወጣ። የመመረጥ መብቱ ግን እስከ 1919 ዘገየ፤ የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ኤልዛቤት ማክኮምብስ የተመረጠችው በ1933 ነው። ሼፐርድ በሚቀጥለው ዓመት ጁላይ 13 ቀን በክራይስትቸርች ሞተች። ልጇ በ1910፣ የመጀመሪያው ባሏ በ1915 ሞተውባት ነበር። በ1925 ያገባችው ሁለተኛው ባሏ ዊልያም ላቭል ስሚዝ የንቅናቄውን ጽሑፎች ያትም የነበረው የረጅም ጊዜ ወዳጇ ነው፤ እርሱም በ1929 ቀድሟታል።

መጠጡስ? እዚህ ላይ ታሪኩ የነጋዴዎቹን ሥጋትም የማኅበሩን ተስፋም ያላከበረ ሆኖ ይገኛል። በ1893 ከድምፅ መብቱ ሕግ ጋር በአንድ ዓመት የወጣ ሌላ አዋጅ፣ መራጮች በየአካባቢያቸው የመጠጥ ፈቃድ ይቀጥል ወይም ይቅር ብለው በየሦስት ዓመቱ ድምፅ እንዲሰጡ ፈቀደ። ፈቃዱ እንዲቀር ሦስት አምስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። በ1894 ይህን መጠን አሟልታ መጠጥ ቤቶቿን የዘጋችው ክሉታ ብቻ ነበረች። በ1911 በአገር አቀፍ ደረጃ በተሰጠ ድምፅ ከመራጮች 55.8 በመቶ ፍጹም ክልከላን ደገፉ፤ የሚያስፈልገው 60 በመቶ ስለነበር አልጸናም። በ1919 መስፈርቱ ወደ ተራ አብላጫ ወርዶ ሁለት ጊዜ ድምፅ ተሰጠ። በሚያዝያ በአገር ውስጥ ቆጠራ ክልከላው መርቶ ሳለ ከባሕር ማዶ የመጣው የወታደሮች ድምፅ ገለበጠው፤ በታኅሣሥም ለጥቂት ሳይሳካ ቀረ። ሴቶች ከወንዶች የተለየ አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣሉ የሚለው ግምት ወዳጅም ጠላትም የያዘው ግምት ነበር።

ከ1893ቱ አቤቱታዎች መካከል ዛሬ ያለው ዋናው ጥቅል ብቻ ነው። በዌሊንግተን በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ ይታያል፤ የሼፐርድ የራሷ ፊርማም ከሌሎቹ መካከል በተርታ ሰፍሮ ይገኛል። መራጮች ለምክር ቤት አባል ድምፅ ሲሰጡ ስለ መጠጥም አብረው የሚሰጡት ወረቀት ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ የታደለው በ1987 ነበር።